«ቲቸር፣ ስክሪኔ ተበላሸ»፦ በኮድ የሚስሉ ተማሪዎች ችግርና መፍትሄው

ይህ የሥዕል ተማሪዎችን በፕሮሰሲንግ ወይም በፒ5 (ኮድ እየጻፉ ለመሳል በሚያገለግሉ መሣሪያዎች) ለሚያስተምሩ ነው። ፋይሉ ሴቭ መደረጉን፣ ኮንሶሉ ላይ ቀይ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን አይታችሁ እንደመጣችሁ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ ስክሪኑ ባዶ ነው።
ያልተዘጋ ቅንፍ፣ ወይም ትልቅና ትንሽ ፊደል መቀያየር። ኮዱ ከፒዲኤፍ ወይም ከቻት የተገለበጠ ከሆነ የጥቅስ ምልክቶቹን ሰርዛችሁ በእጃችሁ ጻፏቸው፤ ጠማማ ሆነው ስለሚመጡ ዓይን ያልፋቸዋል፣ ብራውዘሩ ግን አያልፋቸውም። ይህም ካልሆነ ቀለሙን እዩት፤ ነጭ በነጭ ላይ እየሳሉ ግማሽ ሰዓት የሚፈልጉ አሉ።

ምልክት፦ ክቡ ሲሄድ ጅራት ያወጣል።
ባክግራውንድ (ስክሪኑን በአንድ ቀለም የሚሸፍነው ትእዛዝ) የተጻፈው ሴትአፕ ውስጥ ነው። ሴትአፕ አንድ ጊዜ ሠርቶ ያበቃል፤ ድሮው (draw፣ የሚስለው የኮዱ ክፍል) ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ባክግራውንድን ወደ ድሮው አናት ስታመጡት ጅራቱ ይጠፋል። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ተማሪውን ጠይቁት። ጅራቱን ወዶት ከሆነ ስህተት አይደለም፣ ሥዕሉ እሱ ነው።

ምልክት፦ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል።
ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይሄ ነው። ተማሪው ላፕቶፑን አቅፎ ይመጣና «ቲቸር፣ ስክሪኔ ተበላሸ» ይላል። ቻርጀሩን የጠረጠረ አጋጥሞኛል። አንዱማ ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጎ መጣ፤ የሴሚስተሩ ሥራው ሁሉ ጠፍቶ ሥዕሉ ግን አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፈትኩት፦ 200 አራት ማዕዘኖች፣ የእያንዳንዱ ቦታ በራንደም (ቁጥር በዘፈቀደ በሚያወጣው ትእዛዝ) የሚወሰን፣ ራንደሙም ድሮው ውስጥ።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ድሮው በዞረ ቁጥር ዳይሱ እንደገና ይጣላል። ተማሪው አንድ ሥዕል የሠራ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን በየሰከንዱ 60 የተለያዩ ሥዕሎች ነው። በቃል ሳስረዳ አልገባቸው ሲል ዳይስና ስስ ወረቀት ይዤ መግባት ጀመርኩ። ዳይሱን ይጥላሉ፣ በወጣው ቁጥር ልክ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ከዚያ በአዲስ ወረቀት እንደገና። አሥሩን ወረቀት ደራርበው በጣታቸው ሲያገላብጡት ነጥቡ ይዘላል። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

መፍትሄው ሦስት ዓይነት ነው። ቆሞ የሚቀር ሥዕል ከተፈለገ ሴትአፕ ውስጥ ኖሉፕ ጻፉ፤ ድሮው አንዴ ይስልና ያቆማል። ከዚያ በኋላ «ማውሱን አይከተልም» ብላችሁ እንዳትመጡ፤ አቁመነዋል እኮ። ሁለተኛው፣ ቁጥሮቹን ሴትአፕ ውስጥ አውጥቶ አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር) ውስጥ ማስቀመጥና ድሮውን እያነበበ እንዲስል ማድረግ ነው። ትንሽ ያደክማል፤ እኔ የማስተምረው ግን ይህንን ነው። ሦስተኛው፣ ድሮው አናት ላይ ራንደምሲድን ከአንድ ቁጥር ጋር መጻፍ፤ ያው የዳይስ ቅደም ተከተል በየዙሩ ይመለሳል። እየተንሳፈፈ እንዲንቀሳቀስ ለሚፈልግ ደግሞ ኖይዝ አለ፤ የሚሰጣቸው ቁጥሮች ጎረቤት ከጎረቤቱ ብዙ አይራራቁም። ለኖይዝ የምትሰጡት ቁጥር በየዙሩ የሚጨምርበት እርምጃ 0.01 አካባቢ ይሁን። 1 ካደረጋችሁት መንቀጥቀጡ ተመልሶ ይመጣል።

የዚሁ በሽታ ሌላ መልክ አለ፤ የሚያስለቅሰውም እሱ ነው። አንዷ ተማሪዬ ለኤግዚቢሽን ዋዜማ እጅግ ያማረ ምስል ወጣላት። ለጓደኛዋ ልታሳይ ራን የሚለውን ደግማ ነካችው፤ ምስሉ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ እየነካካች ጠበቀችው፣ አልተመለሰም። ሲድ (ለራንደምሲድ የሚሰጠው ቁጥር) ቢኖር ያ አንድ ቁጥር ይመልሰው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲጀምር ሲዱን ራሱ ያውጣ፣ ኮንሶል ላይ ያትመው፣ ሴቭ ሲደረግም የፋይሉ ስም ውስጥ ያስገባው። ስክሪንሾት መፍትሄ አይደለም! ለትልቅ ኅትመት አይበቃም፣ ሲዱንም አይነግራችሁም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሲዱ ያው ሆኖ ሥዕሉ ሊቀየር ይችላል። ኮዱ መሃል «ቀለሙንም ራንደም ላድርገው» ብላችሁ አንድ መስመር ከጨመራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዳይስ ሁሉ አንድ አንድ ይገፋል። አዲስ ራንደም መጨረሻ ላይ ይጨመር። ከመንካታችሁ በፊትም ፋይሉን ኮፒ አድርጉ። ኮፒ አድርጉ!

መንቀጥቀጡ ከቆመ በኋላ ደግሞ የራንደሙ መጠን አለ። ሁሉንም ነገር ራንደም የሚያደርግ ተማሪ የሚያገኘው አቧራ ነው። ከ1968 ጀምሮ በኮምፒውተር የሠራችው ሠዓሊ ቬራ ሞልናር የተሰለፉ ካሬዎችን በጥቂቱ ብቻ እያዛባች ትስል ነበር። ተማሪዎቼን ያንኑ ካሬ መጀመሪያ ከ-3 እስከ 3፣ ቀጥሎ ከ-30 እስከ 30፣ በመጨረሻ ከ-300 እስከ 300 ፒክስል እንዲያዛቡት አደርጋለሁ። ሦስቱን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ስንሰቅል ክርክሩ ስለ ኮድ መሆኑ ይቀርና ስለ ሥዕል ይሆናል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ቅርጹ ሲዞር ከስክሪኑ ከወጣ የሚዞረው በግራ በኩል ባለው የላይኛው ጥግ ዙሪያ ስለሆነ አስቀድሞ ትራንስሌት ይደረግ (መዞሪያው ነጥብ ወደ ቅርጹ ቦታ ይዛወር)። 90 ተብሎ የተሰጠ ማዕዘን እንግዳ ከሆነ መለኪያው ዲግሪ ሳይሆን ራዲያን ነው። ድምፅ ካልወጣ ብራውዘሩ ክሊክ እየጠበቀ ነው። ማሽኑ ከተጨናነቀ ፎቶው ድሮው ውስጥ እየተጫነ እንደሆነ እዩ።

ምልክት፦ ተማሪው ያማረ ኮድ ያመጣል፣ ሲጠየቅ ግን ዝም።
ገልብጦ ነው፤ ጥፋቱ ግን ግማሹ የእኛ ነው። ተማሪዎቹ አንዲት መስመር ሳያሰምሩ ሦስት ሳምንት ስለ ቫሪያብል የሚሰብክ መምህር ሲያስገለብጥ ይኖራል። በመጀመሪያው ቀን አምስት መስመር ኮድ ስጧቸው። አንድ ቁጥር ብቻ ይቀይሩ፤ ራን ከማለታቸው በፊት ግን የሚመጣውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ይሳሉት። ዋይ (የላይና ታች ቦታውን የሚወስነው ቁጥር) ሲጨምር ክቡ ወደ ላይ ይሄዳል ብለው የሚስሉ ይበዛሉ። ወደ ታች ሲወርድባቸው ክፍሉ ይስቃል፣ ሁለተኛም አይረሱትም።