ቡትሎደር የገባበት አፕሊኬሽን ለምን ይቆማል? ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለብቻው እንደ ሰዓት ሲሠራ የነበረ አፕሊኬሽን፣ ቡትሎደር (ቺፑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራና አፕሊኬሽኑን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም) ሲቀድመው ቀጥ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ኮዱ አልተበላሸም። ቺፑን አሁንም ለብቻው የያዘ መስሎት ነው።

መነሻ አድራሻውን ቀይሮ መጠኑን መርሳት። ኤስቲኤም32 በሚባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች ላይ ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) በሄክሳዴሲማል ከ08000000 ይጀምራል። ቡትሎደሩ 32 ኪሎባይት ከወሰደ፣ አፕሊኬሽኑ ከ08008000 ይነሳል። ሊንከር ስክሪፕቱ (ኮዱ የት አድራሻ ላይ እንደሚቀመጥ ለሊንከሩ የሚነግረው ፋይል) ላይ ከፍላሹ መጠንም 32 ኪሎባይት ቀንሱ። አለዚያ ኮዱ ሲያድግ ሊንከሩ ከፍላሹ ማለፉን አይነግራችሁም።

የቬክተር ሰንጠረዡን አለማዛወር። ሰንጠረዡ ኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ ምልክት) ሲመጣ የትኛው ሃንድለር (ምላሽ የሚሰጠው ኮድ) እንደሚጠራ ይናገራል። ብዙ ሰው ሌሊቱን የሚያነጋው እዚህ ጋ ነው። ምልክቱ ይኸው፦ ኤልኢዲው ይበራል፣ ከዚያ በቃ፣ አይጠፋም። ፕሮግራሙ መብራቱን አብርቶ 500 ሚሊሰከንድ ሊጠብቅ ቆሟል። ጊዜውን የሚቆጥርለት የሲስቲክ (የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ታይመር) ኢንተረፕት ነው። ኢንተረፕቱ በሰዓቱ ይመጣል፤ ፕሮሰሰሩ ግን የሚያየው የቡትሎደሩን ሰንጠረዥ ስለሆነ የቡትሎደሩን ሃንድለር ይጠራል። የአፕሊኬሽኑ ቆጣሪ ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ ያ ሃንድለር ድሮ ቆጣሪው በነበረበት የራም ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ቦታው ግን አሁን የሌላ ቫሪያብል ነው። ኮርቴክስ-ኤም3 እና ኤም4 ፕሮሰሰሮች ላይ ቪቶር የሚባለውን፣ የሰንጠረዡን አድራሻ የሚይዘውን ሬጂስተር ወደ አዲሱ መነሻ አዙሩት። የአፕሊኬሽኑ ማስጀመሪያ ኮድ መልሶ ወደ ድሮው እንዳይመልሰውም እዩ። ኮርቴክስ-ኤም0 ላይ ይህ ሬጂስተር የለም፤ በኤስቲኤም32 ኤፍ0 ሰንጠረዡን ራም መጀመሪያ ላይ ገልብጦ ራሙን ዜሮ አድራሻ ላይ ማምጣት ያስፈልጋል።

ሁሉም ነገር እንደ ሪሴት ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ። ቡትሎደሩ ክሎኩን ቀይሮ፣ ታይመር ከፍቶ ወይም ኢንተረፕት ዘግቶ ትቶ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ ከመዝጋት እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው፦ ቡትሎደሩ ሪሴት በማይነካው ራም ላይ ምልክት ይተው፣ ቺፑን ሪሴት ያድርግ፣ ሲነሳ ምንም ሳይነካ ምልክቱን አንብቦ ወደ አፕሊኬሽኑ ይዝለል።

ይህ ዘዴ ለዋችዶግ (በጊዜው ካልታደሰ ቺፑን ሪሴት ለሚያደርገው ቆጣሪ) አይሠራም ብላችሁ አትስጉ፤ ሪሴት እሱንም ያቆመዋል። በቀጥታ የምትዘሉ ከሆነ ግን የኤስቲኤም32 ገለልተኛ ዋችዶግ አንዴ ከተነሳ በሶፍትዌር አይቆምም። አፕሊኬሽኑ ገና ሲነሳ ጀምሮ ሊያድሰው ይገባል።

በዲበገር (ኮዱን ከኮምፒውተር ሆኖ ለመጫንና ለመከታተል በሚያገለግለው መሣሪያ) ብቻ መሞከር። ዲበገሩ አንዳንዴ ስታክ ፖይንተሩንና መነሻውን ራሱ ያስተካክላል፤ ስህተቱም ይደበቃል። ሙሉ ቺፑን እንዲያጠፋ ከተዋቀረ ደግሞ ቡትሎደሩ አብሮ ይሄዳል። አፕሊኬሽኑን በቡትሎደሩ በኩል ጫኑት፣ ዲበገሩን ንቀሉ፣ ኃይሉን አጥፍታችሁ አብሩ።