ነጭ የጥርስ ሙሌት ኬሚካል ይለቃል? አዎ፤ ግን እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ

አንድ ጊዜ መንጋጋዬን ሳስሞላ፣ ሐኪሙ ሙሌቱን የሚያጠነክረውን መብራት አጥፍቶ ዕቃውን ገና ሳያስቀምጥ ምላሴ ቀድማ ሙሌቱ ላይ ደረሰች። የሚያጣብቅ፣ መረር ያለ ነገር ነበር። ዋጥኩት። ለካስ ያ ጣዕም በደንብ ያልጠነከረ ሬዚን፣ ማለትም በብርሃን የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ኖሯል።

ሬዚን ሁሉ «ቢፒኤ ነው» ብሎ መደንገጥ። ቢፒኤ ፕላስቲክ ለመሥራት የሚያገለግል፣ ሆርሞን ያዛባል ተብሎ የሚፈራ ኬሚካል ነው። ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚት የሚባለው፣ የደቀቀ ብርጭቆና የሬዚን ድብልቅ ነው። ከሬዚኖቹ በብዛት የሚታወቀው ቢስ-ጂኤምኤ ነው። ሲሠራ መነሻው ቢፒኤ ስለሆነ ስሙ ሰውን ያስደነግጣል። ራሱ ግን ቢፒኤ አይደለም፤ ምራቅም በቀላሉ ወደ ቢፒኤ አይመልሰውም። ከፋብሪካ የቀረ ጥቂት የቢፒኤ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል። ቢስ-ዲኤምኤ የሚባለው ዘመዱ ግን ይለያል፤ የምራቅ ኢንዛይሞች ሲሰብሩት ቢፒኤ ይወጣዋል። በሌላ በኩል «ከቢፒኤ ነፃ» የሚል ጽሑፍ አይቶ መረጋጋትም ያው ስህተት ነው። እንደ ቴግዲኤምኤ እና ሄማ ያሉ ትናንሽ የሬዚን ሞለኪውሎች ከቢፒኤ ይልቅ በብዛት ይለቃሉ።

መብራቱን እንደ ማሳረጊያ ማየት። ለእኔ ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ሐኪሙ ነው። በሬዚኑ ውስጥ ካምፎርኪኖን የሚባል ቢጫ ነገር አለ። ወደ 470 ናኖሜትር የሚጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኘው ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። በደንብ ቢሠራም እንኳ ሁሉም አይያያዝም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው የሚደርሰው። ይሄ ማለት ግን የቀረው ሁሉ አፍ ውስጥ ይፈሳል ማለት አይደለም። ብዙው በአንድ ጫፉ ታስሮ ስለሚቀር የትም አይሄድም። የሚያመልጠው በሁለቱም ጫፍ ያልተያዘው ነው፤ እሱም በብዛት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው።

መብራቱ ሲያንስ ታዲያ ያልታሰረው ይበዛል። የተለመደው ኮምፖዚት 2 ሚሊሜትር አካባቢ እየተነባበረ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው መብራት እየተሰጠው ነው የሚሠራው። ጥልቅ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ ብቻ ማብራት፣ ላዩ ድንጋይ የመሰለ፣ ታቹ ግን ለስላሳ የሆነ ሙሌት ያወጣል። ሌላም አለ። ብርሃኑ ዓይን ስለሚወጋ ሐኪሙ ፊቱን ያዞራል፤ እጁም ሳያውቀው ይሸሻል፤ ብርሃኑ ድድ ላይ ያርፋል። ብርቱካናማ መነጽር የሚደረገው ዓይንን ለመከላከል ብቻ ሳይሆን እያዩ ለማብራትም ነው። የመብራቱ ጫፍ ላይ የደረቀ ሬዚን ተጣብቆ ከሆነም ኃይሉ ይቀንሳል። እኛስ? አፋችንን ከፍተን ዝም ማለት ነው። ቢያደክምም እነዚያ ሰከንዶች ዋጋ አላቸው።

ሳይጉመጠመጡ ከወንበሩ መነሳት። ኦክስጅን ሬዚኑ እንዳይጠነክር ያደናቅፋል። ስለዚህ አየር የነካው ላዩ፣ ከፀጉር የሚቀጥን ንብርብር፣ ሁሌም እንዳጣበቀ ይቀራል። እኔ የላስኩት እሱን ነው። ሙሌቱ ሲሞረድና ሲወለወል ይነሳል። የልጆች መንጋጋ እንዳይቦረቦር የሚቀባው ስስ የሬዚን መከላከያ ግን ብዙ ጊዜ አይሞረድም፤ ስለዚህ በጥጥ ጠረግ ጠረግ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ 30 ሰከንድ ያህል በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት። መትፋት ነው እንጂ መዋጥ አይደለም።

ደህና ሙሌት «ይውጣልኝ» ማለት። ለዓመታት አፍ ውስጥ የቆየ ሙሌት የሚለቀውን አብዛኛውን ለቋል። ሲቦረቦር ብናኝ ይነሳል፣ ጤናማ ጥርስም አብሮ ይሄዳል፣ በቦታው የሚገባው አዲስ ሙሌት ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይለቃል። ካልተሰበረ፣ ጠርዙ ካልተከፈተ፣ ሥሩ ካልበሰበሰ ይተዉት።

«ጓንት አድርጌያለሁ» ብሎ መተማመን። ይሄ ለባለሙያዎቹ ነው። ሄማ ተራውን የላቴክስ ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ያልጠነከረ ሬዚን በጣት የሚነካኩ ሐኪሞችና ረዳቶች ጣታቸው እየተሰነጠቀ፣ እያሳከካቸው ለአለርጂ ሊዳረጉ ይችላሉ። ጓንቱ ሬዚን ከነካው ወዲያው መቀየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመሣሪያ እንጂ በጣት አለመንካት ነው።

የጥፍርን ነገር ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው ማለት። በመብራት የሚደርቀው የጥፍር ጄልም ብዙ ጊዜ ሄማና መሰሎቹን ይይዛል። ጄል ተቀብተው ጣትዎ ወይም የዓይንዎ ቆብ አሳክኮት የሚያውቅ ከሆነ፣ ጥርስዎን ከመሙላቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት። እርጉዝ ከሆኑም እንደዚሁ፤ የማያስቸኩል ሙሌት እስኪወልዱ ሊቆይ ይችል ይሆናል። የሚያምና የተመረዘ ጥርስ ግን በዚህ ሰበብ አይዘገይም።