የወፍጮ መገጣጠሚያ ቅደም ተከተል በኮምፒውተር እንዴት እንደሚወጣ

አቃቂ ቃሊቲ ዳር በሚገኘው አነስተኛ ወርክሾፓችን የእህል ወፍጮ ስንገጣጥም፣ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚገባ የምንወስነው በልምድ ብቻ ነበር። አሥር ክፍሎች አንድ በአንድ የሚደረደሩበት መንገድ ግን 3,628,800 ስለሚደርስ፣ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ልምድ ብቻውን አይበቃም።

በመጀመሪያ የማሽኑን ሙሉ ንድፍ ፍሪካድ (FreeCAD) በተባለው የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም ይሥሩ። ፕሮግራሙ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ከውድ ፕሮግራሞች እርሱን አስቀድማለሁ። የብሎን ጥርስ አይሳሉ፤ ለስላሳ ዘንግ ይበቃል።

ቀጥሎ ማሽኑን በስክሪን ላይ ይፍቱት። ፓይተን (Python) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ አጭር ፕሮግራም እያንዳንዱን ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ፣ ከሌሎቹ ጋር የሚደራረብበትን ይዘት ያስለኩ። ሳይጋጭ የወጣው ይነሳል፣ ፍተሻውም በቀሩት ላይ ይደገማል፤ የተፈቱበት ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የመገጣጠሚያው ይሆናል። እያንዳንዱ እርምጃ ከቀጭኑ ክፍል ውፍረት ማነስ አለበት፤ እርምጃው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራን ዘሎ ሲያልፍ ፕሮግራሙ ግጭቱን አያየውም። እንደ ቀለበት መቆለፊያ ተለጥጦ የሚገባ ነገር ግን በዚህ ፍተሻ አይወጣም፤ ቦታውን ራስዎ ይወስኑለት።

እኔን ያሳሳተኝ መፍቻው ነው። ፕሮግራሙ የኩሽኔታ ቤቱ ብሎን ከፑሊው በኋላ ሊገባ እንደሚችል አሳይቶ ነበር፤ ብሎኑም በእርግጥ ገባ፤ መፍቻው የሚዞርበት ክፍተት ግን አልነበረም። በኃይል የገባውን ፑሊ መልሰን ስንነቅል ግማሽ ቀን ጠፋ፣ የሻፍቱም ጫፍ ተጎዳ። ስለዚህ መፍቻውን እንደ አንድ የማሽኑ ክፍል አድርገው ይሳሉት። ዳዶው ስድስት ጎን ስላለው፣ ተራ መፍቻ ሳይገለበጥ ለመሥራት 60 ዲግሪ የመዞሪያ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህን ቦታ የሚዘጋ ክፍል ሁሉ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ብቻ እንዲገባ ሕግ ያስገቡ።

«ይህ ከዚያ በፊት» የሚሉትን ሕጎች በሙሉ ግራፍሊብ (graphlib) ለተባለው፣ ሕጎቹን የሚጠብቅ ተራ ለሚያወጣው የፓይተን መሣሪያ ይስጡት፤ ከፓይተን 3.9 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ዑደት አለ ብሎ ካቆመ፣ እርስ በርስ የሚጣረሱ ሕጎች ስላሉ መልሰው ይመርምሯቸው። የሚያወጣው ተራ ትክክል ቢሆንም ምርጥ ነው ማለት አይደለም፤ ፕሮግራሙ የክፍሎቹን ክብደት ስለማያውቅ፣ ከባዱን የኩሽኔታ ቤት ሁለት ጊዜ የሚያስገለብጥ ቅደም ተከተል ከመጣ ሌላ ያስወጡ። የመረጡትን አትመው ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ይለጥፉ፣ የመጀመሪያውንም ማሽን ገጣጣሚው ብሎኖቹን ሳያጠብቅ እስከ መጨረሻው ይሞክረው።