ቤታችንን ለነፋስና ለጎርፍ ስናስመድን የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምት በገባ ቁጥር ነፋስ ጣራቸውን የገነጠለባቸው ሰዎች «ቤቱ በባንክ ብድር የተገዛ ነው፣ ኢንሹራንስ አለው» ይሉኛል። ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ ሲገለጥ «እሳትና መብረቅ» ይላል። በቃ። ነፋስ፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ተከፍሎባቸው በጽሑፍ ካልገቡ የሉም። ሦስቱም በየስማቸው መጻፋቸውን እዩ። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ላለ ቤት የሚያሰጋው መንሸራተቱ ነው፤ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ላለው ደግሞ ጎርፉ። አሜሪካን ሀሪኬን የሚሉት ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመታም የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፉን አይከፍልም፤ ለጎርፍ ሌላ ፖሊሲ ይገዛል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቤትን ባነሰ ዋጋ ማስመዝገብ ነው። አረቦኑ እንዲቀንስ ብለው 4 ሚሊዮን ብር የሚያሠራውን ቤት 2 ሚሊዮን ብለው ያስሞላሉ። ነፋስ የ300,000 ብር ጉዳት ሲያደርስ «ከ2 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉው ይከፈለኛል» ብለው ይጠብቃሉ። አይከፈልም! ያስመዘገቡት ግማሹን ነውና የሚሰላላቸውም የጉዳቱ ግማሽ፣ 150,000 ብር ነው። ከዚያም ላይ ባለቤቱ ራሱ እንዲሸከም በውሉ የተጻፈው ድርሻ ይቀነሳል። ልጆች ይዘው በዝናብ መሃል ይህን ሲሰሙ ማየት ያማል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የቆርቆሮና የብረት ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ያኔ በልኩ የነበረ ግምት ዛሬ አይበቃም። እባካችሁ፣ ውሉ ሲታደስ የድሮውን ቁጥር እንዳለ አትፈርሙበት። የምታስመዘግቡትም ቤቱ የሚሸጥበትን ሳይሆን እንደገና የሚሠራበትን ዋጋ ነው፤ ቦታውን ነፋስ አይወስደውም።

ዝናብ ገብቶ ሶፋና ቴሌቪዥን ቢያበላሽስ? ኢንሹራንሱ የሚልከው የጉዳት ገማች መጀመሪያ የሚያየው ውሃው የገባበትን ቀዳዳ ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን ገንጥሎት ከሆነ መከራከሪያ አላችሁ። የሚስማሩ ዙሪያ ዝጎ ሰፍቶ፣ ሞራሌው በስብሶ ከተገኘ ግን «እርጅና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ሰኔ ሳይገባ ጣራው ላይ ሰው አውጡ። የቤት ዕቃም ለብቻው ካልተመዘገበ አይከፈልም። አጥርና የድጋፍ ግንብም እንዲሁ።

ጉዳቱን ዛሬ ነገ ሳትሉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቀነ ገደቡ ውሉ ላይ አለ።

ደግሞ የተገነጠለውን ቆርቆሮ ገማቹ ሳያየው ለቆራሌው አትሽጡ። ፎቶ አንሱና ግቢ ውስጥ አስቀምጡት። ሸራ ግን ወዲያው አልብሱ፤ ጉዳቱ እንዳይብስ መከላከል የእናንተው ግዴታ ነው። የሸራውንም ደረሰኝ ያዙ።