«የአያቱ ጦስ ነው» ለሚል ሰው እንዴት እንመልስ?

ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። «እግዚአብሔር ፍቅር ነው ትሉናላችሁ። ታዲያ የአባትን ኃጢአት እስከ አራት ትውልድ በልጅ ላይ የሚያመጣው ለምንድን ነው?» ወጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ለክርክር ነው። እናት ስትጠይቅ ግን ቤቷ የታመመ ሰው አለ ማለት ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ጥቅስ ከመጥራታችሁ በፊት «ምን ገጥሞሽ ነው?» በሉና አዳምጡ።

ከተከራካሪው እንጀምር፤ እሱ ይቀላል። ዘጸአት 20ን ክፈቱና እስከ ቁጥር 6 ራሱ ያንብብ። ብዙ ሰው ቁጥር 5 ላይ ቆሞ መጽሐፉን ያጥፋል። «በሚጠሉኝ» የምትለዋን ይዘላታል፤ ቀጥሎ ያለውን «እስከ ሺህ ትውልድ ድረስ ምሕረትን የማደርግ» የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አያየውም። ሦስትና አራት በአንድ በኩል፣ ሺህ በሌላ በኩል። ሂሳቡን ለሱ ተዉለት። በዚያ ዘመን አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ባንድ ግቢ ነበር የሚኖሩት። አባወራው ጣዖት ካቆመ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰግዳል። ሦስትና አራት ትውልድ ማለት እንግዲህ አንድ ሽማግሌ በዓይኑ አይቷቸው፣ በክፋቱ አሳድጓቸው የሚሞት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ዘዳግም 24፥16ን ጨምሩለት፤ ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይገደልም ይላል። ቆሬ በሙሴ ላይ ሲያምፅ ምድር ዋጠችው፤ ዘኍልቍ 26፥11 ግን «የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም» ይላል። ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ የሚለው መዝሙር እኮ የእነሱ የቆሬ ልጆች ነው! ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ ሁልጊዜ ይገረማሉ።

ዋናው ግን ሕዝቅኤል 18 ነው። ጊዜ ካላችሁ 32ቱንም ቁጥር አስነብቡ። ወደ ባቢሎን የተማረከው ሕዝብ «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፥ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ» እያለ ይተርት ነበር። እግዚአብሔር ይህን ተረት ከእንግዲህ አትተርቱም አላቸው። ጻድቅ አባት፣ ዓመፀኛ ልጅ፣ ጻድቅ የልጅ ልጅ፤ እያንዳንዱ በራሱ ሥራ ይቆማል። ምሳሌ ከተባላችሁ የሕዝቅያስን ቤት ጥሩ። ሕዝቅያስ ደግ፣ ልጁ ምናሴ 55 ዓመት የነገሠ ክፉ፣ የምናሴ ልጅ አሞን እንዳባቱ፣ የአሞን ልጅ ኢዮስያስ ደግሞ ከሁሉም የተመሰገነ።

ጎበዝ ተማሪ ካለ እዚህ ጋ ይይዛችኋል። «2ኛ ነገሥት 23፥26 ግን ኢዮስያስ ያን ሁሉ ደግ ሥራ ሠርቶም በምናሴ ምክንያት ቁጣው አልበረደም ይላል!» ይላል። አታድበስብሱ። እውነቱን ነው፤ ኢየሩሳሌም ፈርሳለች። ከተማ ሲፈርስ የጻድቁም ቤት አብሮ ይፈርሳል፤ ነቢዩ ኤርምያስ ራሱ እዚያው ውስጥ ነበር። መዘዙ ለሁሉም ይደርሳል፣ ኩነኔው ግን በየግል ነው። ክፉው ምናሴ እንኳ ተማርኮ ሲጸልይ እንደተሰማለት 2ኛ ዜና 33 ይነግረናል። ዳዊት ከሰው ሚስት ከቤርሳቤህ የወለደው ሕፃን በአባቱ ኃጢአት መሞቱ ግን ይከብዳል። ለዚያ አፍ የሚያስይዝ መልስ አለኝ አልልም። የማውቀው፣ ያንን ፍርድ ለዳዊት የነገረው ከእግዚአብሔር የተላከው ነቢዩ ናታን መሆኑን ነው። ናታን ባልተላከበት ቤት እኛ ናታን አንሁን።

አሁን ወደ እናቲቱ። አንዷ ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት። ሰፈርተኛውም የባሏ እኅትም «የአያቱ የመሐላ ጦስ ነው» ይሏታል። አያትየው በድንበር ክርክር በሐሰት ምለው መሬት ወስደዋል ይባላል። ቢጫ ጀሪካኗን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ክዳኑን እየከፈተች እየዘጋች «መምህር፣ ልጄ ምን አደረገ?» አለችኝ።

ለእንዲህ ያለ ሰው ዘጸአትን አትክፈቱ። ዮሐንስ 9ን ብቻ ክፈቱ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ የጠየቁት ሰፈርተኛው የሚጠይቀውን ነው። ጌታ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» አለ፤ ከዚያ ዓይኑን አበራለት። እዚያ ላይ አቁሙ። ስብከት አትጨምሩበት።

ቀጥሎ ኪኒኑን ጠይቁ። ይህች እናት ጸበል ስትጀምር ፌኖባርቢታሉን ልታቋርጥ አስባ ነበር። ድንገት ማቋረጥ ሕመሙን እንደሚያብሰው፣ ሐኪም ሳታማክር እንዳትነካው ነገርኳት። ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሄዳሉ። አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይህንኑ በይፋ ተናግረዋል። ልጁንም ከሰው አትደብቁት፤ ትምህርት ቤቱ ይሂድ።

ሐሜተኛዋንም አትርሷት። የባሏን እኅት ለብቻዋ ጠርታችሁ «በምን አወቅሽ?» በሏት። ብዙ ጊዜ ወሬው ከዚያ አያልፍም።

መሬቱስ? አያትየው በእርግጥ በሐሰት ምለው ከሆነ መሐላው የእሳቸው ነው። ይዞታው ግን ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ከሆነ ያ የአያት ኃጢአት መሆኑ ቀርቶ የቤተሰቡ ሆኗል። ዘኬዎስ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያዘው ነው። እናንተም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ከዚያ ሽማግሌ ላኩ፤ ድንበሩ ይለካ፤ የሰው ከሆነ ይመለስ። ይህን ስታደርጉ ግን «ልጁ ይድን እንደሆነ» እያላችሁ አይሁን። ልጁ ታመመም ዳነም፣ የሰው መሬት የሰው ነው።