የሜልበርን ካፕ ፈረሶችን እንዴት እንመዝን?

የኖቬምበር ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ ሥራ የለም። በሕግ የታወቀ በዓል ነው። የበዓሉ ምክንያት ደግሞ ፈረስ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እስከ 24 የሚደርሱ ፈረሶች በፍሌሚንግተን ሜዳ ይሰለፋሉ። 3,200 ሜትር ይጋልባሉ። በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ አካባቢ ሁሉም ነገር ያልቃል። ውድድሩ የተጀመረው በ1861 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ቀን ብዙ ሰው ፈረስ የሚመርጠው በስሙ ነው፤ አለዚያም በጋላቢው ልብስ ቀለም። እኔ ግን አንድ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው እንዲቀመጡ እመክራለሁ። ፈረሶቹን አንድ በአንድ መርምሮ የራሱን ግምት የያዘ ሰው ውድድሩን የሚያይበት ዓይኑ ይለያል። ቢሸነፍ እንኳ ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄውን እናስተካክል። "የትኛው ፈረስ ይበልጣል?" ብለው ከጀመሩ ተሳስተዋል። የሜልበርን ካፕ ሃንዲካፕ ነው። ጎበዙ ፈረስ ከባድ ጭነት ይሸከማል፤ ደካማው ቀላል። አዘጋጆቹ ይህን የሚያደርጉት ሁሉም እኩል የማሸነፍ ዕድል እንዲኖረው ብለው ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ጎበዙን ሳይሆን፣ ከተሰጠው ጭነት አንጻር የተሻለውን ፈረስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማግኘት ነው።

1. ጭነቱን ያንብቡ

በተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ፈረስ ስም አጠገብ በኪሎ የተጻፈ ቁጥር አለ። የጋላቢው፣ የኮርቻውና የተጨማሪው እርሳስ ክብደት ድምር ነው። ዝቅተኛው 50 ኪሎ ነው። በረጅም ውድድር ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ጭነት በግምት የአንድ ፈረስ የሰውነት ርዝመት ያህል ወደ ኋላ ያስቀራል ይባላል። ይህ የባለሙያዎች የልምድ ስሌት ነው እንጂ የፊዚክስ ሕግ አይደለም። ለማወዳደር ግን ይጠቅማል።

ጭነት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፋር ላፕ የተባለውን ዝነኛ ፈረስ ያስታውሱ። በ1930 አሸነፈ። በዓመቱ 68 ኪሎ ጫኑበትና ስምንተኛ ወጣ። ካርባይን የተባለው ድንጉላ ደግሞ በ1890 66 ኪሎ ተሸክሞ 38 ተፎካካሪዎችን ቀድሟል። እንዲህ ያለ ነገር ግን በዘመናት አንዴ ነው። ማካይቢ ዲቫ የተባለችው ባዝራ በ2003፣ በ2004 እና በ2005 ተከታትላ ስታሸንፍ በመጨረሻው 58 ኪሎ ይዛ ነበር። ከእሷ ወዲህ ከ58 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ያሸነፈ የለም። ስለዚህ ከላይ 58ን የሚያልፍ ፈረስ ካዩ፣ እንዲያሳምንዎት ብዙ ይጠይቁት።

ሌላም ነገር አለ። ጭነቱ የሚወሰነው ውድድሩ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። አንድ ፈረስ ከዚያ ወዲህ በጣም ከተሻሻለ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ኪሎ የድሮውን ፈረስ ነው የሚያሳየው። አሸንፎ ቅጣት ኪሎ ቢጨመርበት እንኳ፣ ጭማሪው ከመሻሻሉ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጥሩው ምርጫ የሚደበቀው እዚህ ጋ ነው።

2. 3,200 ሜትር ይዘልቃል ወይ?

በአውስትራሊያ አብዛኛው ውድድር አጭር ነው። ከተሰለፉት ብዙዎቹ ይህን ርቀት ሮጠውት አያውቁም። ታዲያ በምን እናውቃለን?

መጀመሪያ በ2,400 ሜትር ውድድር ላይ የመጨረሻውን 300 ሜትር ይመልከቱ። ቪዲዮው በነጻ ይገኛል። ፈረሱ መስመሩን ሲያልፍ እየፈጠነ ነው ወይስ እየደከመ? ሦስተኛ ወጥቶ እየተጠጋ ያለቀ ፈረስ፣ አሸንፎ ትንፋሽ አጥሮት ከጨረሰ ፈረስ ይሻላል። ቀጥሎ አባትና እናቱን ይዩ። የረጅም ርቀት ጉልበት በዘር ይወረሳል። ወንድሞቹና እህቶቹ ከ2,800 ሜትር በላይ ያሸነፉ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው።

ከውጭ የሚመጡት ፈረሶች በዚህ ይበልጣሉ። በአውሮፓና በጃፓን ረጅም ውድድር ክብር አለው። ዴልታ ብሉዝ በጃፓን የ3,000 ሜትሩን ኪኩካ ሾ በ2004 ያሸነፈ ፈረስ ነበር። በ2006 ሜልበርን መጥቶ ካፑን ወሰደ፤ ሁለተኛው ፖፕ ሮክም ከጃፓን ነበር። ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ወጣት ፈረሶችም በቀላል ጭነት ይመጣሉ። በ2018 ክሮስ ካውንተር 51 ኪሎ ብቻ ይዞ አሸንፏል።

ርቀቱን ይዘልቃል ብለው ያላመኑበትን ፈረስ በዚህ ደረጃ ይሰርዙት። ሳይራሩ። 24ቱ ወደ 12 አካባቢ መውረድ አለባቸው።

3. ያለፉትን ውድድሮች ያንብቡ፤ ቁጥሩን ብቻ አይመኑ

ይህ ሥራው የሚበዛበት ቦታ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ነው። ከካፑ በፊት ባሉት ሳምንታት ወደ እሱ የሚያደርሱ ዋና ዋና ውድድሮች አሉ። የ2,400 ሜትሩ ኮልፊልድ ካፕ፣ የ2,040 ሜትሩ ኮክስ ፕሌት፣ የጂሎንግ ካፕ፣ የሙኒ ቫሊ ካፕ። ከዚያ ደግሞ ካፑ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እዚያው ፍሌሚንግተን የሚሮጠው ሆታም ሃንዲካፕ። ሜዲያ ፐዝል በ2002፣ አሜሪካን በ2010፣ ዱናደን በ2011 ጂሎንግን አሸንፈው ነው ካፑን የወሰዱት። ዊዝአውት ኤ ፋይት በ2023 ኮልፊልድንም ካፑንም አሸንፏል። ሾኪንግ በ2009 ቅዳሜ አሸንፎ ማክሰኞ ደገመው።

ግን "ስንተኛ ወጣ?" ብቻ ብለው አይለፉ። አራት ነገር ይጠይቁ። በስንት ፈረስ ርዝመት ተሸነፈ? ስንት ኪሎ ተሸክሞ ነበር? መንገድ ተዘግቶበት ነበር? ሜዳው እሱ የሚወደው ነበር?

ምሳሌ ልስጥ። ጎልድ ትሪፕ በ2022 ወደ ካፑ ሲመጣ የመጨረሻ ውጤቱ በኮክስ ፕሌት ዘጠነኛ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሰረዘው። ትንሽ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ግን ሌላ ነገር አየ። ከኮክስ ፕሌት በፊት በኮልፊልድ ካፕ ሁለተኛ ወጥቷል። በ2020 በፓሪስ፣ በአውሮፓ ከባዱ በሚባለው የአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር፣ በጭቃ ሜዳ አራተኛ ሆኗል። ኮክስ ፕሌት አጭርና መታጠፊያው የበዛ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ውድድር አልነበረም። የካፑ ቀን ዝናብ ወረደ። ከሁሉም ከፍተኛውን 57.5 ኪሎ ተሸክሞ አሸነፈ። ማስረጃው ሁሉ ቀድሞ ወረቀት ላይ ነበር።

በ2015 ዓለምን ያስደነቀው ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስም እንዲሁ ነው። ለተወራረደበት ሰው መቶ እጥፍ የሚከፍል ፈረስ ነበር። ጋላቢዋ ሚሼል ፔይን ካፑን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሰው ሁሉ ዱብ ዕዳ አለው። ፈረሱ ግን በ2014 የሙኒ ቫሊ ካፕን አሸንፏል፤ በ2015ም ከካፑ በፊት እዚያው ሁለተኛ ወጥቷል። አሸናፊ ነው ብሎ መናገር ከባድ ነበር። መቶ እጥፍ ክፍያ ይገባዋል ማለት ግን ስህተት ነበር።

4. ሜዳውና ዝናቡ

የሜልበርን አየር በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይለዋወጣል። የሜዳው ሁኔታ ከ1 እስከ 10 ባለ ቁጥር ይነገራል። 3 እና 4 ጥሩ ሜዳ ነው። ከ5 እስከ 7 ለስላሳ ነው። ከ8 ጀምሮ ጭቃ ነው። የእያንዳንዱ ፈረስ መዝገብ በየትኛው ሜዳ ስንት ጊዜ ሮጦ ስንት እንዳሸነፈ ይናገራል። ከወረቀትዎ ላይ ሁለት ዓምድ ይክፈቱ፤ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ ለእርጥብ። ማክሰኞ ጠዋት የአየሩን ሁኔታ አይተው የማይሆነውን ያጥፉ።

5. የመነሻ በርና ፍጥነት

የመነሻ በር ዕጣ ቅዳሜ ማታ ይወጣል። ጋዜጦቹ ስለዚህ ብዙ ያወራሉ። እንደኔ ከሆነ ከሚገባው በላይ ያወራሉ። ፍሌሚንግተን በማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሐበሻ የሚበዛበት ፉትስክሬይ ከወንዙ ማዶ ነው። ዙሪያው ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ፈረሶቹ ከቀጥተኛው መንገድ ጫፍ ተነስተው የመጨረሻውን መስመር አንዴ ካለፉ በኋላ ነው የሚታጠፉት። ስለዚህ ቦታ ለመያዝ በቂ ርቀት አላቸው። በር 18 አሸናፊ አውጥቶ አያውቅም እየተባለ ለዓመታት ሲወራ፣ በ2021 ቬሪ ኤሌጋንት ከዚያው በር ወጥታ አሸነፈች።

ይልቅ ፊት የሚመራውን ይፈልጉ። ከፊት መሮጥ የሚወዱ አራት አምስት ፈረሶች ካሉ እርስ በርስ ይጨራረሳሉ፤ ከኋላ የሚመጣ ይጠቀማል። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ማንም ሳይረብሸው ይሄዳል። በ2020 ትዋይላይት ፔይመንት ፊት ፊት እየመራ ሄዶ ማንም አልደረሰበትም።

6. ጋላቢና አሰልጣኝ

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ጋላቢው ዋጋ አለው፤ ደካማ ፈረስን ግን አያድንም። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ሁለት ፈረስ መምረጥ የሚችል ጋላቢ የትኛውን መረጠ? ማርክ ዛራ በ2022 ጎልድ ትሪፕን ጋልቦ አሸነፈ። በዓመቱ ያንኑ ፈረስ ትቶ ዊዝአውት ኤ ፋይትን መረጠ፤ አሁንም አሸነፈ። ከአሰልጣኝ ደግሞ ለዚህ ርቀት ማዘጋጀት የሚችልበትን ይፈልጉ። ባርት ከሚንግስ ካፑን 12 ጊዜ ያሸነፈው ፈረስን ለዚያ ቀን ማድረስ ስለቻለበት ነው።

7. ግምትዎን ወደ ቁጥር ይለውጡ

አሁን አምስት ወይም ስድስት ፈረስ ቀርቶዎታል። ለእያንዳንዱ የማሸነፍ ዕድል በመቶኛ ይስጡ። የተሰረዙትም አብረው ይቆጠሩ፤ ሁሉም ተደምሮ 100 መሆን አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ራስን መቆጣጠር ይጠይቃል። 24 ፈረስ ባለበት ሜዳ ለአንዱ ከ20 በላይ ለመስጠት በጣም እርግጠኛ መሆን አለብዎት።

ከዚያ ኦዱን ይመልከቱ፤ ይኸውም አወራራጁ ድርጅት ለፈረሱ ያስቀመጠው የክፍያ ቁጥር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ኦድ 9 ማለት በአንድ ዶላር ዘጠኝ ዶላር ይመለሳል ማለት ነው፤ ያስያዙት ዶላር እዚያው ውስጥ አለ። 100ን ለ9 ሲያካፍሉ 11 በመቶ ገደማ ይመጣል። እርስዎ ለፈረሱ 15 በመቶ ከሰጡት ዋጋው ጥሩ ነው። ኦዱ 5 ከሆነ ግን 20 በመቶ እንደማለት ነው፤ ከእርስዎ ግምት በላይ ነው። ፈረሱን ቢወዱትም ይለፉት። የሁሉንም ፈረሶች ኦድ እንዲህ ወደ መቶኛ ቀይረው ቢደምሩ ከ100 ያልፋል። ትርፉ የአወራራጁ ድርሻ ነው። ለዚህ ነው ያለ ስሌት የሚወራረድ ሰው በጊዜ ብዛት ገንዘቡ የሚያልቀው።

የሚያወጡትን ገንዘብ ወረቀቱ ሥር ቀድመው ይጻፉት። ቢጠፋ የማይቆጭዎት መጠን ይሁን። ከዚያ በኋላ ኦዱ ቢለዋወጥም ያ ቁጥር አይለወጥም። ዋጋው የሚስብ ፈረስ ካላገኙ አለመወራረድም ይቻላል። እኔ እንዲህ ያደረግኩባቸው ዓመቶች አሉ፤ ውድድሩን ማየቱ ደስታው ያው ነው።

8. የቀኑ ጠዋት

ከውድድሩ የወጣ ፈረስ ካለ ያረጋግጡ። የእንስሳት ሐኪሞች ምርመራ ጥብቅ ነው፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚሰረዝ አለ። ፊት የሚመራው ፈረስ ከወጣ የፍጥነት ግምትዎ ሁሉ ይቀየራል። ፈረሶቹ በግቢው ውስጥ ሲዞሩ ቴሌቪዥን ላይ ይዩዋቸው። ጠጉሩ የሚያበራ፣ ጆሮው ቀና ያለ፣ ተረጋግቶ የሚራመድ ጥሩ ነው። አንገቱ ላይና በጭኖቹ መካከል ነጭ ላብ ያረፋው፣ የሚዘልና የሚታገል ከሆነ ጉልበቱን ከመነሻው በፊት እየጨረሰ ነው።

በሩ ሲከፈት የመረጡትን ፈረስ ጋላቢ የቆብ ቀለም ይያዙ። የመጀመሪያውን ዙር ብዙ አይጨነቁበት። የመጨረሻው ቀጥታ መንገድ 450 ሜትር ነው። 300 ሜትር ሲቀር ፊት የነበሩት መክበድ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ዓይንዎን ከመሪው ላይ አንስተው፣ ከአራተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት መካከል ያንን ቆብ ይፈልጉ።