ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች በመኪና፦ መጀመሪያ ማደሪያውን ምረጡ

ከሐዋሳ ጎባ 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ እስከዚያ ድረስም አስፋልት ነው። ርቀቱን ብቻ ያየ ሰው ጠዋት ተነስቶ በዚያው ቀን በተራሮቹ አናት ያለው ሳነቲ አምባ ላይ ለመውጣት ያቅዳል። ችግሩ ከፍታው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ሳነቲ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ያን ያህል የወጣ ሰውነት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊከተለው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደምታድሩ ወስኑ፤ መንገዱንና ሰዓቱን ከዚያ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ። ሦስት ሌሊት ይበቃል፤ ሁለት ሌሊት ያጣድፋል።

የመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ ይሁን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያውም አስጎብኚ መያዙም በአንድ ቦታ ያልቃል። ደረሰኙን አትጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን በሳነቲ በኩል ስታልፉ ትጠየቃላችሁ። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሰውነት የሚለማመደው እዚሁ ነው። በዚህ ሌሊት አረቄም ቢራም ይቅርባችሁ፣ ውሃ ጠጡ። ከፍታ የሚከብደው ሰው አብሯችሁ ካለ ዲንሾን በቀን አይታችሁ ጎባ ብታድሩ ይሻላል፤ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ትላላችሁ።

ከሐዋሳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ሻሸመኔን ገበያው ሳይደራ ማለፍ ትልቅ ትርፍ ነው። ነዳጅ እዚያው ወይም ሐዋሳ ሙሉ፤ ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ከመነሻችሁ ቀን በፊት ማታ ብትሞሉ ጥሩ ነው። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ስልኩ ላይ በቂ ብር ይኑር። ከሻሸመኔ በቀኝ ታጥፋችሁ ወደ ኮፈሌ ስትወጡ አየሩ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ የገብስ ማሳና ጭጋግ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ዶዶላና አዳባ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነት ያዘናጋል። ፈረስ፣ ጋሪና ከብት ድንገት ይገባሉ፤ በተለይ ከ11 ሰዓት በኋላ ከብቱ ወደ ቤት ሲመለስ። ከአዳባ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ዲንሾ ከመግባታችሁ በፊት ያለውን የጋይሳይ ሜዳ በቀስታ እለፉት፤ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ሣር ሲግጥ ይታያል።

መኪናው ላይ ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን አሳዩ። ሳነቲ ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ሳይሞላ ነው። ግፊት የሚይዘው ክዳኑ ስለሆነ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ከላላ፣ ቆላ ላይ ችግር ያልነበረው ሞተር ዳገቱ ላይ ያፈላል። ራዲያተር ውስጥ ተራ ውሃ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌሊት በረዶ ሊሆን ስለሚችል ፀረ በረዶ የተቀላቀለበት ይሁን። (ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ከፍታ ላይ ንፍሮ ለመቀቀል ያሰበ ሰው ጋዙን ጨርሶ ጥሬውን ይበላል፤ ሽሮ ያዙ።) የሞተሩ ጉልበት መቀነስ ግን ብልሽት አይደለም፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከሐዋሳ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል። ማርሽ ቀንሱና ውጡ። ስኮርታው የተነፋ፣ ክሪኩ የሚሠራ መሆኑን ሳታዩ አትውጡ፤ ከጎባ በኋላ ያለው ጠጠር ጎማ ይበላል፣ ጎሚስታ ደግሞ የለም።

ሁለተኛው ሌሊት ጎባ ወይም ሮቤ ነው። ከዲንሾ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር፣ ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋቱን ዲንሾ ዙሪያ በእግር ለመዞር ጊዜ አላችሁ። ነዳጅ እንደገና ሙሉ፣ ጥሬ ብር አውጡ።

በሦስተኛው ቀን ከጎባ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከጥድና ከኮሶው ወደ አስታው፣ ከዚያም ጅብራው ወደቆመበት ሜዳ ትወጣላችሁ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፤ ፍልፈሉ ፀሐይ ሲሞቅ ስለሚወጣ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለማየት ጥሩ ነው። ዝግ ብላችሁ ንዱ፣ ከመኪና መንገዱ አትውጡ፤ ምግብ አትስጡት፣ ውሻ ከቤት ይዛችሁ አትምጡ፤ ቀበሮውን የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከውሻ ነው። 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ አለ። እዚያ ላይ የማያቆም ራስ ምታት ወይም መንገዳገድ የጀመረው ሰው ካለ ማስታገሻ ሰጥቶ መቀጠል አይሆንም፤ ወዲያው ወደ ጎባ ውረዱ።

ደህና ከሆናችሁ በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ደን ውረዱ። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው፤ ሪራ መንደር እስክትደርሱ 1,000 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ፍሬን እየረገጡ መውረድ ያግለዋል፤ ሲግል የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል። በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ እዚህ ነፍስ ያጠፋል። ዝናብ ከጣለ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ከሌላችሁ ከሳነቲ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ስለሚወርድ እስከ 8 ሰዓት ሽቅብ መመለስ ጀምሩና ሦስተኛውንም ሌሊት ጎባ እደሩ። ድንኳን ያላችሁ ሐረና ውስጥ ማደር ትችላላችሁ፤ ከሳነቲ ይልቅ ይሞቃል፣ ስልክ ግን አትጠብቁ።

ወሩን በተመለከተ ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ሮቤ ወይም ጎባ ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ዲንሾ ስትደርሱም የፓርኩን ሠራተኞች ድጋሚ ጠይቁ። ለመመለሻው ቀን ከጎባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብትነሱ፣ ዶዶላ ምሳ በልታችሁ ከብቱ መንገድ ሳይሞላ ሻሸመኔን ታልፋላችሁ።